የጠፋው የመጨረሻ ገጽ

ወንድሜ አንዷለም፣

የማርቆስ ብርድ አይጣል ነው፤ እኔን ያንቀጠቀጠኝ ግን ሌላ ነው። መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራዩ ወይዘሮ ያለምወርቅ የሚባሉ ሴት አሉ። እሳቸው ዘንድ ልቦለዴን አገኘሁት! አዳማ አልጋዬ ሥር ሳይሸጥ የተከመረው ሁሉ አዲስ እንደሆነ ነው፤ ይሄኛው ግን በማዳበሪያ ክር ተሰፍቶ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል።

«ይህን ያላነበበ የማርቆስ ሰው የለም» አሉኝ፣ ደራሲው እኔ መሆኔን ሳያውቁ። «የመጨረሻው ገጽ ስለጠፋ መጨረሻውን እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

«እንዴት ያልቃል?»

«ባንክ ቤቱን ጥሎ ሠዓሊ የሆነው ልጅ ወደ ባንኩ ይመለሳላ! ሥዕል ይበላል እንዴ?»

እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም። ማንነቴን ሳልናገር ወጣሁ። ከተማው በሙሉ አንብቦኝ የተሸጠልኝ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። በድርሰት እንኖራለን ብዬ ማስተማሬን የተውኩት እኮ ገና ዘንድሮ ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ። ደግሞ ቀስ ብለህ፣ ባለቤቴ ምሥራቅ ሳትሰማ፣ ትምህርት ቤቱ በቦታዬ ሰው ቀጥሮ እንደሆነ ጠይቅልኝ።

እንዳላማው