የአባዬ የሪህ እንክብል

ኅዳር 3 ቀን 1978፣ ጠዋት
አባዬ እንክብሏን ዋጡ። ከጎንደር ካመጣናት ወዲህ ሪሁ ጋብ ብሏል፤ በምርኩዝ ደባርቅ ገበያ ድረስ ወርደው ነበር። ዛሬ ግን ትኩሳት አላቸው። ደረታቸው ላይ ቀይ ሽፍታ። እማዬ ምች ነው አለች። ት/ቤት ረፈደብኝ።

ኅዳር 5
ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ድሬሰሩ ጉሮሯቸውን አይቶ አምፒሲሊን ሰጠ። የሪሁንስ መድኃኒት? አልኩት። ሁለቱንም ይዋጡ አለ። ደግ ሰው ነው፤ ግን በራፉ ላይ ቁስለኛ ወታደሮች ተኮልኩለው ነበርና ተጣደፈ።

ኅዳር 7፣ ከሰዓት
ከንፈራቸው ቆሰለ፣ ዓይናቸው ተጣበቀ። ጀርባቸውን ላብስ ብል ቆዳው ጨርቁ ላይ ቀረ። ዳዊት መድገም አቃታቸው። የጎረቤታችን እህት ዳባት ነርስ ናት፤ መጥታ አየቻቸው። የሚውጡትን አሳየኋት። ፊቷ ተለወጠ። የሪሁ መድኃኒት አንዳንዱን ሰው እንዲህ ይገፍፋል፣ አምፒሲሊኑም ሽፍታውን ያባብሰዋል፤ ሁለቱንም አቁሙ፣ ጎንደር አድርሷቸው አለች።

ኅዳር 8
ያለ ይለፍ ወረቀት ጎንደር አይኬድም። ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሳቀ።
«ሪህ? እሱ የባላባት በሽታ አይደለም እንዴ! ሥጋና ጠጅ ሲያሳድዱ ከርመው!»
መሪጌታ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በጾም ነው የጨረሱት አልኩት። በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል አለ። እስከዚያ ማን ይቆያል? ነገ ከእማዬ ጋር ይዘናቸው በእህል መኪና እንሄዳለን። ያለ ወረቀት።

ኅዳር 9
ዳባት ኬላ አስቆሙን። ወታደሩ ወረቀት አሳዩ አለ። የአባዬን ፊት ከጋቢው ገለጥኩለት። አየ። ዞር ብሎ የኬላውን ገመድ ራሱ ፈታ።

ኅዳር 24፣ ጎንደር
በሕይወት አሉ። ቆዳው እየጠገገ ነው። ግራ ዓይናቸው ግን ጠፋ። ሐኪሙ ያችን እንክብል ዳግመኛ ቢቀምሷት አይተርፉም ብሎ አስጠነቀቀኝ። ለሪሁ በምትኳ የሚሰጣቸው ሌላ መድኃኒት የለውም።

ኅዳር 27
ሪሁ ተነሣ። አንሶላ ሲነካቸው ይጮኻሉ። እንክብሏን አምጪ አሉኝ።
«ትገድልዎታለች፣ አባዬ።»
«ትግደለኛ! ቆዳዬም ይገፈፍ። ይችን እግር ብቻ አሳርፊልኝ፣ ልጄ።»
አባዬ ሰው ሲለምኑ አይቼ አላውቅም። እማዬ እያለቀሰች፣ ለዛሬ ብቻ ብትሰጫቸውስ አለችኝ። ለሐኪሙ ልናሳይ ከደባርቅ ይዘነው የመጣነውን የእንክብሏን ብልቃጥ አንስቼ ወጣሁ። ሽንት ቤት ደፋሁት፣ እስከ መጨረሻዋ። ሲያውቁ ይረግሙኛል። ይርገሙኝ።
እየጠሩኝ ነው። ገብቼ ምን ብዬ ልንገራቸው?