መድፉን ቋሊማ ያጎረስኩት እኔ ነኝ

መጋቢት 5፣ ረቡዕ
በረዶው ሚልዋኪን ለቀቀ፣ ቁርጥማቱ ግን ጉልበቴን አልለቀቀም። ጠዋት የሎሬይንን መነጽር ደበቅኩባት። አገኘችው። "ሰማንያ ሁለት ዓመትህ እኮ ነው፣ አንተ ሰውዬ!" ሰማንያ አንድ ነው። ሚስት ለምን ታጋንናለች?

ከሰዓት የልጅ ልጄ ብሮንያ ደወለች። ወንዙ ድልድይ ላይ የሚቆመውን የከተማችንን ታሪክ ሰሌዳ እንድትጽፍ ሙዚየሙ መርጧታል። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ። የአገሩ ነባር ሕዝብ ፖታዋቶሚዎች ረግረጉ ላይ የዱር ሩዝ ከሚለቅሙበት ዘመን እስከ ቢራ ጠማቂዎቹ፣ ሁሉም በአንድ ነሐስ ላይ!

"አባባ፣ የወንዙ ሁለት ማዶ ሰዎች በድልድዩ ስለተጣሉበት ጊዜ ማንም ያላየው ደብዳቤ አገኘሁ! ጥይት ሲያልቅባቸው መድፉን ቋሊማ አጎረሱት ይላል!"

ትን አለኝ።

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 6፣ ሐሙስ
የዛሬ ሃምሳ ዓመት... ከጓደኛዬ ከኤልመር ጋር ካርታ ተጫውተን ተሸነፍኩ። ቅጣቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የድሮ ወረቀት ሣጥን ውስጥ አንድ ውሸት መጨመር። ወረቀቱን ሻይ ውስጥ ነከርኩ፣ ምድጃ ላይ አደረቅኩ። "ኦቶ ክሎፕ፣ ባለ ሉካንዳ፣ 1845" ብዬ ፈረምኩ። የማዶ ሰዎች ለቋሊማው ሰናፍጭ ይዘው መጡ የሚለውንም ጨመርኩ። እዚያ ላይ አበዛሁት መሰለኝ።

ኤልመር ሞቷል። ምስክር የለኝም። ዝም ብልስ? አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ቢደርስበትስ? መሳቂያ የምትሆነው እሷ...

መጋቢት 7፣ ዓርብ
የዓሣ ጥብስ ቀን። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጢም ብሏል። ሳህኔን አስቀምጬ ተናዘዝኩ።

"ብሮንያ፣ ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"
"ቀናህ እንዴ አባባ?"
"እውነቴን ነው!"
"ባለፈው ፋሲካም ከሐይቁ አዞ ያዝኩ ብለህ ነበር።"
"ተዋት እንጂ፣ ዓሣዋን ትብላ!" ሎሬይን ናት።

ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። ቄሱ ሳይቀሩ። እኔ ስናዘዝ ሊስቁ ይገባቸዋል?

መጋቢት 10፣ ሰኞ
ጽሑፉ ረቡዕ ነሐስ አቅላጮቹ ጋ ይሄዳል። በአውቶቡስ ቢሮዋ ድረስ ሄድኩ። "ብዕርና ወረቀት ስጪኝ።" ደብዳቤውን በቃሌ፣ ከነሰናፍጩ፣ በዚያው በተጠማዘዘ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች። አየች። ደግማ አየች። ሳቋ ቆመ።

"ለአለቃዬ እውነተኛ ነው ብዬ ምያለሁ፣ አባባ።"

ኮፍያዬን አውልቄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

"አሁን ሂድልኝ።"

ኮፍያዬን እዚያው ረሳሁ። ልመለስበት አልደፈርኩም።

መጋቢት 12፣ ረቡዕ
አልደወለችም።

መጋቢት 14፣ ዓርብ
ዓሣው አልጣመኝም። ሎሬይን ግንባሬን ዳሰሰች። "ታመሃል እንዴ? ጨውን እንኳ አልደበቅክብኝም።"

መጋቢት 17፣ ሰኞ
ደወለች! ለአለቃዋ ራሷ ሄዳ ነግራዋለች። ጮኸባት... ግን ነሐሱ ሳይፈስ በመናገሯ ሥራውን አልነጠቃትም። ቋሊማው ከጽሑፉ ወጥቷል።

"ሰሌዳው ሲቆም ትመጣለህ። ለሰው አንዲት ቃል ጨምረህ ብታወራ ወንዝ ውስጥ ነው የምወረውርህ።"

ዘጋችብኝ። ደስ አለኝ።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ
ሰሌዳው ቆመ። ሁለቴ አነበብኩት። ያማረ ነው፣ ቋሊማ ባይኖረውም።

አንዲት እንግዳ ሴት ጠጋ አለችኝ። "አባት፣ ይሄ ድልድይ ለምን ወደ ጎን ዞረ?"

ምላሴን በላኝ። ብሮንያ አጠገቤ ናት። ያለውን ብቻ ነገርኳት፦ በዚህና በዚያ ማዶ ሁለት መንደር ነበር። ከመጠላላታቸው የተነሳ ጎዳናዎቻቸው እንዳይገጥሙ ሆን ብለው አጣመሙ። ድልድይ ቢሠራላቸው አፈረሱት። በኋላ ሰዎቹ ታረቁ፣ ጎዳናዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልታረቁም።

ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሰች። "እርስዎ ደግሞ! ማንን ሊያሞኙ ነው?"

ብሮንያ ክንዴን ያዘች።

"እውነቱን ነው" አለቻት።