ታርጋዬን የሸፈነው የሃሊማ ጨሌ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬም አስቆመኝ። ያው ሳጅን፣ ያው መናኸሪያ መውጫ ላይ። መሰላ የሚሄድ ሰው በሞተሬ ጭኛለሁ፣ ሰውዬው ቸኩሏል፣ ሳጅኑ ግን ጊዜ ሞልቶታል። ከኋላዬ ዞረ። ጨሌውን በዱላው ጫፍ ቀስ አድርጎ ገለጠው፣ የሙሽራ ዓይነ ርግብ የሚገልጥ ነው የሚመስለው። ታርጋ ለምን ትሸፍናለህ አለኝ። ጌጥ ነው አልኩት። ጌጥ ከሆነ አንገትህ ላይ አድርገው አለ። ተሳፋሪዬ ሳቀ። ወላሂ ጆሮዬ ጋለ።

ደብተሬ፣ አዲስ ስለሆንክ ልንገርህ። ጌጡን የሰፋችው ሚስቴ ሃሊማ ናት (ከዚህ በኋላ ሃ. እላታለሁ፣ ስሟን በሙሉ ስጽፍ አፍራለሁ)። በእነሱ ቤት ሙሽራ ለባሏ በቅሎ የጨሌ ጌጥ ትሰፋለች። ባልየው አማቾቹን መጀመሪያ የሚጠይቀው በዚያች ባጌጠች በቅሎ ነው። እስከዚያ ቀን ባል ጌጡን አያወርድም። ካወረደ ልጅቷን አልፈለጋትም ማለት ነው፣ ወሬው ከሱ ቀድሞ የሃ. ወላጆች ያሉበት መሰላ ይደርሳል። እኔ በቅሎ የለኝም። ሞተር ነው ያለኝ። ለሞተሬ ሰፋችለት። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ከታች ረጅም ዘርፍ። ታርጋዬን ውጦታል። ጥየቃው ኅዳር 21፣ እሁድ። እስከዚያ ምን ይሻለኛል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዘዴ አገኘሁ። ከተማ ስገባ ዘርፉን ወደ ላይ ሰብስቤ በላስቲክ አስራለሁ። ቤት ልደርስ ስል እፈታለሁ። በጣቴ አበጥሬው እንደ ጨዋ ሰው እገባለሁ።

ሃ. በር ላይ ቆማ ጨሌውን ታያለች። እኔን አታይም። ደህና ዋልሽ ስላት፣ ደህና። ሻይ እንጠጣ ስላት፣ «ቶሌ»። እሺ ማለቷ ነው። ከኒካሁ ወዲህ ሌላ ቃል አልሰማሁም ብል ይቀለኛል። ያገናኙን ሽማግሌዎች ናቸው፣ አውቃለሁ፣ ገና አልለመደችኝም። ሞተር ላይ ስጭናት እንኳን ከኋላዋ ያለውን መያዣ ብረት ነው ጨምድዳ የምትይዘው። እኔን አትነካም። እሾህ ነኝ እንዴ?

ግን ሻይ ስትቀዳ ለኔ ስኳሩን ታበዛለች። ማን ነገራት? እወዳታለሁ መሰለኝ። መሰለኝ ምንድነው፣ እወዳታለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ማታ

የበደሳ መንገድ ላስቲኬን በጠሰው። አላየሁም። ስመለስ ኬላው ላይ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ሳጅኑ! ቅጣት ጻፈ። ደግሜ ካገኘሁህ ታርጋውን ፈትቼ ነው የምወስደው አለ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰው ገጭቶ ያመለጠ ሞተር በምን ይያዛል፣ በታርጋው አይደለም ወይ አለኝ። እውነቱን ነው።

ታርጋ ከሌለ ሥራ የለም። ሥራው ይቅር፣ መሰላ መሄድም የለም። ሃ. ለእናቷ ስኳርና ሻሽ ገዝታ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣለች። እየፈታች ታየዋለች፣ መልሳ ትጠቀልለዋለች። ያላየኋት ይመስላታል።

ልንገራት? ጌጥሽ ያስቀጣኛል ብላት ምን ይሰማታል? አልነግራትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ጉድ ፈላ። ሃ. ዛሬ ገበያ ወጣች። መናኸሪያው ጋ ሞተሬን አገኘችው፣ ዘርፉ እንደሚታረድ ፍየል እግር ተጠፍሮ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየኋት። ላስቲኩን በጣቷ ነካችው። ልጠራት ስል ዞራ ሄደች።

ቤት ስገባ ራት ቀርቧል። እሷ ጓዳ ናት። ስኳሩና ሻሹ ከመደርደሪያው ወርደዋል። ሃሊማ አልኩ፣ በሙሉ ስሟ። ቶሌ እንኳን የለም። ያ ቶሌ ናፈቀኝ፣ ትሰማለህ ደብተሬ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

እልህ ያዘኝ። ላስቲኩን ወረወርኩት። ዘርፉን ለቅቄ ከተማ ገባሁ፣ ሃ. ትየኝ ብዬ። ያየኝ ሳጅኑ ነው። ታርጋውን ፈታ። ብሎኖቹን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና እንዳይጠፉብህ አለ። ሞተሩን እየገፋሁ ያንን ዳገት! አልሃምዱሊላህ፣ ደረስኩ።

ሃ. በር ላይ ነበረች። ላቤን አየች፣ የታርጋውን ባዶ ቦታ አየች። ሁሉንም ነገርኳት፣ እንደቆምኩ። ቅጣቱን፣ ላስቲኩን፣ እንዳይከፋት ብዬ መደበቄን። እሷ ደግሞ፣ የገጠር ልጅ ናት ብለህ ያፈርክብኝ መስሎኝ ነበር አለች። እኔ! በሷ! አንቺን እንዴት አፍርብሻለሁ አልኳት።

ከዚያ ምስጢሩ ወጣ። ለካ ስትሰፋ ሞተሬን በቅርብ አይታው አታውቅም። የአባቷን በቅሎ ዳሌ ነው በገመድ የለካችው! «ሞተር ዳሌ እንደሌለው በምን ልወቅ?» አለችና ሳቀች። ሳቀች ደብተሬ! አፏን በሻሿ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። እኔም መሬት ተቀምጬ ሳቅኩ። ጎረቤታችን ምን ሆኑ ብላ ብቅ አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሃ. ጌጡን ራሷ አወረደችው። አታውርድ የተባለው ባል ነው፣ እኔ የሰፋሁትን እኔ ባሳጥረው ማን ምን ይለኛል፣ እናቴን እኔ አስረዳታለሁ አለች። ቶሌ አልኳት። ዘርፉን ከታርጋው በላይ እንዲቀር አሳጠረችው። ከተረፈው ጨሌ ለመሪው ሰፋችለት። የበቅሎም ግንባር ያጌጣል አለች።

ሞተሩን እየገፋን ፖ/ጣቢያ አብረን ሄድን። ሳጅኑ ያጠረውን ጌጥ አይቶ ታርጋውን ሰጠኝ፣ እፊቱ አሰርኩ። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበው። ሃ. በኦሮምኛ የበቅሎውን ነገር ነገረችው። ኮፍያው እስኪወድቅ ሳቀ። ነገ በሰላም ግቡ፣ ቀስ ብለህ ንዳ አለኝ።

ስንመለስ ከኋላዬ ተቀምጣ ስታወራ መጣች። ስለ እናቷ፣ ስለ አባቷ በቅሎ። ብቻ አሁንም ብረቱን ነው የያዘችው።

እሁድ፣ ኅዳር 21፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ሞተሩ ታጥቧል። ስኳሩና ሻሹ ተጭነዋል። የታርጋውን ብሎን አጠበቅኩ። መፍቻው እጄ ላይ እያለ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። የኋላውን መያዣ ብረት ፈታሁት። አልጋ ስር ነው ያለው። መሰላ ድረስ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ መቼም የሆነ ነገር መያዝ አለባት።

ወጣች። አዲስ ሻሽ አድርጋለች። ማሻአላህ። ሞተሩን ዞራ አየችው። ብረቱ የት ሄደ አለችኝ። ላልቶ ነው፣ እኔን ያዢኝ አልኳት። መፍቻውን አየች፣ እኔን አየች። ፈገግታዋን ልትደብቅ ወደ መሬት ጎንበስ አለች።

«ቶሌ» አለች።