ስለ ጣሪያችን ሙከየፍ እና ስለ ክቡር ሊቀመንበሩ ቁልፍ

ኸርጡም፣ አል-ሳሃፋ
በፈረንጆች ግንቦት 2004

ለክቡር አቶ ኑርሁሴን ኢሳ
የእኅትማማቾች መረዳጃ ቤት ኮሚቴ ሊቀመንበር

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ግን ሳንባዎ እንዲጠነክር ዱዓ አደርጋለሁ፣ ወደ እኛ ቤት ብቅ ያሉ ዕለት በጣም ያስፈልግዎታልና።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ በየሰው ቤት ስንሠራ ሰንብተን የምናርፍበት፣ የታመመችም የምትተኛበት ይህ ቤት አሥራ አንድ ሴቶችን የሚያቀዘቅዝ አንድ የውሃ ሙከየፍ፣ ጣሪያ ላይ የተተከለ የአየር ማቀዝቀዣ፣ አለው። አየሩን የሚያጣራለት ገሽ፣ ያ በሦስት ጎኑ የተወጠረው የገለባ ንጣፍ፣ በዚህ ከተማ ሙቀቱ ሳይገባ በየዓመቱ ይቀየራል። የእኛ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ትዕግሥትዎን አስቀድሜ እያመሰገንኩ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሙከየፉን ሌባ እንዳይነካው በብረት ፍርግርግ አሳጥረው፣ ቆልፈው፣ ቁልፉንም በኪስዎ ስለያዙልን እናመሰግናለን። እውነትም ሌባ አልነካውም። እኛም አልነካነውም። ሦስት ወር ሙሉ ቁልፉን ስንለምንዎ «ባዕደይን፣ ኮሚቴው ይሰብሰብ» ይሉናል። ባዕደይን ማለት በኋላ መሆኑን እናውቃለን፤ ከምን በኋላ እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገሩንም።

፪. ያለፈው ሀቡብ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ አቧራውን ገሹ ላይ ለጥፎ ከሄደ ወዲህ ቤቱ እርጥብ በረት ይሸት ነበር። አቤት ባልን ጊዜ፣ ክቡርነትዎ በገዛ እግርዎ ጣሪያ ድረስ ወጥተው፣ ፍርግርጉን ከፍተው፣ አንድ ሙሉ ጠርሙስ የሰንደል ሽቶ ሙከየፉ ውሃ ውስጥ ገለበጡልን። ገሹን ግን አልነኩትም። ወርደውም ቁልፉን ወደ ኪስዎ መለሱ፤ ቤታችንም የሙሽራ ቤት ሸተተ።

፫. ከአሥራ አንዳችን አንዷ፣ ዘኪያ፣ አስም አለባት። ባለፈው ሰኞ ቀትር ላይ ከሙከየፉ ሥር ጋደም ብላ ሳለ ያ ሽቶና አቧራ ሲነፋባት ትንፋሿ ተቆረጠ። የአስም መድኃኒት መርጫዋን ሰጠናት፣ አልያዘላትም። ከንፈሯ ጠቁሮ እጄን ጨብጣ እንዴት እንዳየችኝ በጨዋ ቋንቋ ልጽፍልዎ አልችልም። በባለሦስት እግር ረክሻ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ በቤታችሁ የሚያጨስ ሰው አለ ወይ፣ ድመትስ አለ ወይ እያለ ጠየቀን፤ የለም አልነው። ኮሚቴ እንዳለን ለክብርዎ ስንል አልነገርነውም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ፈርቻለሁ፤ ተናድጃለሁም። ዘኪያ ሐሙስ ከሆስፒታል ትወጣለች፤ ዐማራት ሰፈር ትሠራበት በነበረው ቤት በእሷ ቦታ ሌላ ሴት ገብታለች፣ ከዚህ ቤት ሌላ መሄጃ የላትም። በዚያ አየር አንድ ቀን ካደረች መልሰን የምንወስዳት ወደ ሐኪም ይሁን ወደ መቃብር አላውቅም። እስከ ረቡዕ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ሶላት ድረስ ቁልፉን ቢልኩልን እጅግ እናመሰግናለን። ባይልኩልንም አንቀየምም፤ ከመካከላችን ዛሂራ ባሕሪ ሰፈር ካለ ወርክሾፕ የብረት መጋዝ ተውሳ መጥታለች።

ቁልፍ በመጠበቅ ያሳዩት ጽናት ለሌሎች ሊቀመንበሮች ሁሉ ትምህርት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በግማሽ ትንፋሽ፣

ሐምዲያ ይማም
በአሥራ አንዱ ሴቶች ስም

ተጨማሪ፦ ይህ ደብዳቤ በርዎ ላይ እንደተለጠፈ ረቡዕ ዙሁር አለፈ፤ ቁልፉ አልመጣም፣ ፍርግርጉን ቆርጠን ገባን። ሽቶውን ሲገለብጡ ከቆሙበት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ 2003 የተባለባቸው አራት ማዳበሪያ አዲስ ገሽ ተደርድረው አገኘን። አንዱን ርግብ ቀዳ ጎጆ ሠርታበታለች፤ እሱን ለእሷ ትተን በሦስቱ የዘኪያን አየር አስተካከልን። የርግቧ ጫጩቶች ሁለቱም ደህና ይተነፍሳሉ።