የቀጠነችው ፒን፦ የሻምበል ባሻ ደምሴ ይመር የሕይወት ታሪክ

ሻምበል ባሻ ደምሴ ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር አበጋዝና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትርንጎ ካሳ በሐብሩ ወረዳ ሲሪንቃ ሐምሌ 19 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል እዚያው ቆጥረው ሁለተኛ ደረጃን ወልድያ ተከታተሉ። የተበላሸ ነገር ሳይፈቱ አያድሩም ነበር፤ የአባታቸውን ሬዲዮ ሁለት ጊዜ ፈትተው አንድ ጊዜ ብቻ እንደገጠሙት ወንድማቸው አቶ ሞላ ዛሬም ይተርካሉ።

በ1967 ዓ.ም. በውትድርና ተቀጥረው በአውሮፕላን ጥገና ክፍል የቶርኖ ሙያ ተማሩ። መለዋወጫ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ዝገት የበላውን ዕቃ አይተው አዲሱን ከብረት ቀርጸው ያወጡ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋዬ ታደሰ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ይህን ያዘጋጀሁትን ፍሬሕይወትንና ወንድሜን ሄኖክን ወለዱ።

እስከዚህ ያለው የማንም ሰው ታሪክ ነው። የሚቀጥለውን የጻፍኩት በሕመማቸው ጊዜ እሳቸው ራሳቸው እየነገሩኝ፣ አንዲት ቃል እንዳላለዝብም አስምለውኝ ነው።

በ1978 ዓ.ም. የአንድ አውሮፕላን የጅራት መሪን ከዘንጉ ጋር የምታያይዝ፣ ከጣት የማትረዝም ፒን ዝጋ ተገኘች። የሙያው ደንብ ከዛገ ዕቃ ልክ አይወሰድም የሚል ነው፤ ዝገቱ ስለሚያቀጥነው የሚለካው በወዲያኛው ጎን ያለችው ጥንዷ ናት። ሻምበል ባሻ ደምሴ ግን ጥንዷን ለመፍታት ጊዜ የለም ብለው የዛገችውን ለክተው ሁለት ፒን ቀረጹ። አንዷን ገጠሙ፤ ሌላዋን ለመጠባበቂያ አስቀመጡ። በሳምንቱ ያ አውሮፕላን ለልምምድ ተነሥቶ አልተመለሰም። አብራሪው የሐራው ተወላጅ፣ የልብ ወዳጃቸው የመቶ አለቃ ሲራጅ ይማም ነበሩ። አደጋው በአብራሪው ጥፋት ደረሰ ተባለ፤ ይኸው ለእናታቸው በለቅሶው ላይ በሰው ፊት ተነገረ። ሻምበል ባሻ ደምሴ ነገሩን ጠርጥረው ዝም አሉ።

በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን መርሳ ገብተው የቶርኖ ቤት ከፈቱ። የወረዳው ወፍጮና የውኃ ፓምፕ ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ነገር ግን አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሥራ አቁመው ግቢ ይቆሙ ነበር፤ የመመለሻውን ድምፅ ሳይሰሙ አይገቡም። ብዙው በዚያ መንገድ አይመለስምና ምሳቸው ቀርቦ ይቀዘቅዛል። እኛ ልጆቻቸው እንስቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በ2012 ዓ.ም. አንድ ጥንታዊ የጦር አውሮፕላን ለእይታ የሚያድሱ ሰዎች የዛጉ ዕቃዎቹን በአዲስ እንዲቀርጹላቸው በሣጥን አምጥተው ተዉላቸው። ዓይነቱ ሲራጅ የሞቱበት ያው ነበር። ከዝገቱ መሐል አንዲት ፒን በግሪስ ተለውሳ እንደ አዲስ ቆይታለች። ለኳት፤ ከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት ያስቀመጧትን መጠባበቂያ አውጥተው ለኩ። የእሳቸው በግማሽ ሚሊሜትር ቀጥናለች።

ለሲራጅ ቤተሰብ እነግራለሁ፣ ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ሲሉ ጦርነቱ ደረሰ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ባለቤታቸው፣ የጦር አውሮፕላን ብረት ቤታችን ቢገኝ እናልቃለን፣ ወንዝ ይጣሉት ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ግን የሲራጅን ንጽሕና የሚመሰክር ሌላ ነገር የለኝም ብለው ሁለቱን ፒኖች በሽቦ አሥረው ከቶርኖው ሥር ቀበሩ። ቤተሰቡ ወደ ደሴ ሲሸሽ ብቻቸውን ቀሩ። ታጣቂዎች ያን የአውሮፕላን ዕቃ ሣጥን አግኝተው አሥራ አንድ ቀን በእስር አቆዩዋቸው፤ ሣጥኑንም ወሰዱት። የተቀበረው ግን አልተገኘም።

በእነዚያ ወራት ሰማዩ ዝም አላለም። ጎረቤት ሁሉ ሲሸሸግ እሳቸው ግቢ ቆመው ያለፈው እስኪመለስ ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን ሟቹ ሲራጅ ከሰማይ በስማቸው እንደጠሯቸው ነግረውኛል፤ ምን እንዳሏቸው ግን ብጠይቃቸውም አልነገሩኝም።

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስንመለስ በደብተር ከያዙት ልክ ተነሥተው የተወሰዱትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እንደገና ቀረጹ። በጥር ወር ሁለቱን ፒኖች ይዘው ሐራ፣ የሲራጅ እኅት ወ/ሮ ሲቲ ይማም ዘንድ ሄደው ያደረጉትን ነገሯቸው። ወ/ሮ ሲቲ ፒኖቹን በሁለት እጃቸው ይዘው እንዲህ አሉ፦ «እኔስ ሰማሁዎ። እናቴ ግን ሳትሰማ ሞተች። ያኔ በራሱ ጥፋት ሞተ የተባለው በሰው ፊት ነው፤ ይኸም በሰው ፊት ይባልልኝ።»

ሻምበል ባሻ ደምሴ እሺ ብለው ተመለሱ። ሁለት ጊዜ በዕድራችን በቅሬው ስብሰባ ላይ ብድግ ብለው ጉሮሯቸውን ጠርገው መልሰው ተቀመጡ። ሦስተኛው ሳይደርስ የኩላሊት ሕመም ጣላቸው፤ ቀብሬ ላይ ይነበብ ያሉትም ያኔ ነው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ። የሁለት ልጆች አባትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።

ለወ/ሮ ሸዋዬ፣ ለአቶ ሞላና ለመላው ወዳጅ ዘመድ መጽናናትን፣ ለእሳቸውም ይቅርታንና ዕረፍትን ፈጣሪ ያድልልን። ወ/ሮ ሲቲ ከሐራ መጥተው እዚሁ ከለቀስተኛው ጋር ቆመዋል። አባቴ ያልቻሉትን እኔ በሰው ፊት እላለሁ፦ የመቶ አለቃ ሲራጅ ይማም ጥፋት አልነበረባቸውም። ፒኗ ቀጭን ነበረች፤ የቀረጿትም አባቴ ናቸው።