ለነፍስ የተሰጡ የኮከብ መስታወቶች

ሰኞ፣ የካቲት 12

ሰጥቼዋለሁ። ለነፍሷ የሰጠሁትን አሁን ምን ብዬ መልሱልኝ እላለሁ?

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስመለስ ሰሎሞን በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከልጄ ከጥሩወርቅ ጋር ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ነው። ወባ ከወሰዳት ወዲህ አልፎ አልፎ ይጠይቀኛል። ውሃ ጠጣና "እማማ፣ ጥሩዬ እዚህ ታስቀምጣቸው የነበሩት መስታወቶች አሉ አይደል?" አለኝ።

የሉም። በአርባዋ ልብሷን ከነሣጥኑ ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ሰንበት ሰጠሁ። መስታወቶቹ ከሥር በነጠላዋ ተጠቅልለው ነበር። አባ ሣጥኑን ይዘው ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ገብተዋል።

ሰሎሞን ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያስረዳኝን እንዳልረሳው ልጻፈው፤ እጄ ዝግ ይላል እንጂ ይደርሳል። መስታወቶቹ ላይ ያለው ጭስ የመሰለ ነገር የኮከብ ብርሃን ነው። በተማረችበት አገር በትልቅ መነጽር እንደ ፎቶግራፍ ያነሡት ነው። ብርሃኑ ውስጥ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሉ። መስመሩ ከጠቆረና ከሰፋ፣ ብረቱ ወይም ሌላው ማዕድን በኮከቡ ውስጥ በዛ ማለት ነው። ኮከቦቹ ፍኖተ ሐሊብ ከሚሉት፣ ሰማይ ላይ እንደ ወተት ፈሶ ከሚታየው፣ ከዚህም ከዚያም የተመረጡ ናቸው። ጥሩዬ መስመሮቹን ትለካ ነበር። ጥቂት ሲቀራት ታመመች። የለካችው ቁጥር ሰሎሞን ዘንድ አለ፤ የቀረውን እሱ ጨርሶ ለአስተማሪዋ ሊልክላት ነው።

"መስታወቶቹ ካልተገኙ ግን ሥራው እንዲሁ ይቀራል። ስሟም ታትሞ አይወጣም" አለ።

ስሟ።

ማክሰኞ፣ 13

ለጎረቤቴ ለዘነበች ባልነገርኋት ይሻል ነበር።

"አብደሻል! ለነፍስ የተሰጠ ይመለሳል? የልጅሽን ስንቅ ከእጇ ልትነጥቂ ነው?"

"ስሟስ?" አልኋት።

"ስሟን አባ በጸሎት ይጠሩላት የለም እንዴ!"

እሱማ የክርስትና ስሟ ነው። ጥሩወርቅ ብሎ የሚጠራት ማን አለ?

ሽሮ ጣድሁ። ሁዳዴ ነውና አልቀመስሁም። አንድ ቀን እንዲሁ ምድጃው አጠገብ ሆኜ "ሰማይ ሳትወጪ የኮከቡን ብረት በምን አወቅሽው?" ብላት ሣቀችብኝ። "አንቺስ በጾም ሳትቀምሺ ጨው ማነሱን በምን ታውቂያለሽ?" አለችኝ። በጠረኑ፣ በአፈላሉ አልኋት። "እኔም እንደዚያው ነኝ፣ እማ።" የጥንቶቹ ኮከቦች ብረት ያንሳቸዋል፣ ኋላ የተወለዱት ይበዛላቸዋል ብላ ቀጠለች። እኔ ድስት እያጠብሁ በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማት።

ረቡዕ፣ 14

ያለ ይለፍ ወረቀት ጀልባ ላይ አያሳፍሩም። ቀበሌ ሄድሁ።

ሊቀ መንበሩ "ቁንዝላ ምን አለሽ፣ ጓድ?" አለኝ።

"መስታወት ላመጣ።"

"ባሕር ዳር መስታወት ጠፋ? ሰው ከዚህ ወደዚያ ይወስዳል እንጂ!" ክፍሉ ሙሉ ሣቀ። ማኅተሙን ግን መታልኝ። የእሑዱን ስብሰባ እንደቀረሽ እመዘግባለሁ አለ። ይመዝግብ።

መንገድ ላይ ቀልዱ አልለቀቀኝም። ከዚህ ወደዚያ ይወስዳል። ተመለስሁና ሹም አቦ ሰፈር ያለው አናጢ ዘንድ ገባሁ። የመዳፍ ስፋት ያለው አዲስ መስታወት፣ አሥራ ሁለት፣ ሰሎሞን በነገረኝ ቁጥር ልክ አስቆረጥሁ።

ዓርብ፣ ኪዳነ ምሕረት

ነፋስ። ጀልባው አልወጣም። ማዕበሉ ድንጋዩን እየመታ ቀሚሴን አረጠበው። ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ። ተሰብረው ቢሆንስ? አባ ለሌላ ሰጥተዋቸው ቢሆንስ? ጥሩዬ እዚያ ሆና ቅር ቢላትስ? ጀልባ ነጂው "እትዬ፣ ሐይቁን በዓይንሽ ልታረጋጊው ነው?" አለኝ። ነገ ይሞክራል።

እሑድ፣ 18

ትናንት ቁንዝላ ደረስሁ።

መስኮት ሆነዋል! አባ የጎጇቸውን ግድግዳ በስተ ምሥራቅ ከፍተው፣ በእንጨት ደርድረው፣ ዳር ዳሩን በጭቃ መርገውታል። አሥራ አንዱ ጭስ የመሰሉ ናቸው። አንዱ ጥርት ብሎ ሐይቁ ይታይበታል።

"ያንን በአመድ አሽቼ አጠብሁት" አሉ አባ። "እጄ ዛለና ሌሎቹን ተውኋቸው። ነፍሷን ይማረውና ልጅሽ መስታወት ማጠብ አትወድም ነበር ልበል?"

ሣቅሁ። የራሴን ሣቅ ስሰማ ደነገጥሁ፤ ከዚያ ለቅሶ ሆነብኝ።

ምንነታቸውን ነገርኋቸው፤ የጨውንም ነገር። አባ የገዛ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። "እኔ እኮ ጥላሸት መስሎኝ!" አሉ።

አዲሶቹን ፈትቼ አቀረብሁ። "የሰጠሁትን ልወስድ አይደለም፣ አባ። ልቀይርልዎት ነው።"

አንዱን አንሥተው ወደ ፀሐይ ያዙት። "ለእኔማ ይኸ ይሻላል፤ ያኛው ጨለማ ነበር። ነፍሷም አታኮርፍም፣ ልጄ።" ጭቃውን እሳቸው ራሳቸው በቢላ ፈለቀቁት።

ማክሰኞ፣ 20

ለሰሎሞን አስረከብሁ። አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ እየያዘ አያቸው። የታጠበው ላይ ሲደርስ "ይኼኛው ማነው?" አለ፣ እንደ ሰው። ዳሩ ላይ የነበረው ቁጥር አብሮ ታጥቧል። የሌሎቹን ቁጥር አይቶ በጎደለው ያውቀዋል። ለክታው ከሆነ ደግ። ካልለካችው ያ ኮከብ ቀረ።

ሥራ ላይ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ። ክሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ 21

ሰሎሞን ዛሬ እያለከለከ መጣ። "ለክታዋለች!"

ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን ዳግመኛ ለክቶ ልክ ነሽ የሚላት የለም። ልተወው ወይስ ልጻፈው፣ እማማ?"

"ያየችው እሷ ናት። ጻፈው።"

"መስታወቱ ላይ የነበረው መጥፋቱንም መጻፍ አለብኝ። አስተማሪዋ ላይቀበሉት ይችላሉ።"

"አጠፋፉንም ጻፍ። አባ በአመድ አጠቡት በል።"

ሣቀ። ስሟን እንዳይሳሳት ብዬ በትልልቁ ጻፍሁለት፤ ጥሩወርቅ፣ ከነአባቷ። የታጠበውን መስታወት ለእኔ ተወልኝ።

እሱ ሲሄድ ሽሮው ይፈላ ነበር። ጨው ያነሰው መሰለኝና ጨመርሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀመስሁት። በዝቷል።

ኮከብ የለካችው የጥሩዬ እጅ ግን እንደኔ አይደለም።