የትምህርት ቤታችንን ነርስ ስለ ቀነሱልን ለማመስገን

ለተከበሩ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እንደምን ከረሙ? ልጆችዎ፣ ፈረሶችዎና በጎችዎ በረዶውን በሰላም እንደ ተሻገሩ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤናዎን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ በዚህ ወረዳ መታመም ምን እንደሚመስል እርስዎም እኔም እናውቃለንና።

የምጽፍልዎ የታሽ-ኩዱክ መንደር ነዋሪ፣ ጡረተኛው ሻርሼን ነኝ። እናቷ ሞስኮ ልብስ ስለምትሰፋ፣ የስምንት ዓመቷን የልጅ ልጄን ሳይካልን የማሳድጋት እኔ ነኝ። ሳይካል የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ከምሳ በፊት የደሟ ስኳር ተለክቶ ኢንሱሊን መወጋት፣ ከተወጋች በኋላም ወዲያው መብላት አለባት። ይህን እስካለፈው ኅዳር ድረስ ያደርጉላት የነበሩት፣ ልጆቹ ሁሉ «ኤጄ»፣ ታላቅ እህታችን፣ የሚሏቸው የትምህርት ቤቱ ነርስ ወይዘሮ ቡርማካን ነበሩ። ምስጋናዬን እንደ መሥሪያ ቤትዎ ልማድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ነርሷን ያነሱበት ምክንያት በጽሑፍ ስለ ደረሰን አመሰግናለሁ። የትምህርት ቤቱ የአምቡላንስ ጥሪ መዝገብ ለአምስት ዓመት ባዶ ስለ ሆነ «ለመደቡ በቂ ሥራ የለም» ይላል። እኔ በየዋህነቴ ባዶ መዝገብ የጥሩ ነርስ ምስክር ይመስለኝ ነበር። ወይዘሮ ቡርማካን በየማለዳው የልጆቹን ገንፎ ቀድመው ይቀምሱ፣ የተበላሸ ወተት የገባበትን ድስት ይመልሱ ነበር። የደረቀ ፍሬ አንቆት የጠቆረ ልጅ ጀርባውን መትተው አስተፍተዋል። ሳይካል ላብ ላብ ሲላት ከኮሪደሩ ማዶ አይተው ጣፋጭ ሻይ ይዘው ይደርሱ ነበር። አንዱም አምቡላንስ ስላልሆነ አንዱም አልተጻፈም። «ምነው ቡርማካን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ብትጠሪ ምን ነበረበት?» ብላቸው፣ «አባባ ሻርሼን፣ መኪናው ከወረዳ እስኪመጣ ልጁን ምን ላድርገው? ኮሪደር ላይ ላስጣው?» አሉኝ። ጥፋታቸው ይኸው ነው፤ ለመዝገቡ ሲባል አንድ ሁለት ልጅ እስኪወድቅ መታገስ አልቻሉም።

፪. የሕክምና ክፍሉ ሥራ ስላልፈታ አመሰግናለሁ። አሁን ለጽሕፈት ቤትዎ የሚላኩ ሪፖርቶች ማስቀመጫ ሆኗል። አልጋው ላይ ወረቀት ተኝቷል፤ ወረቀቱ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል።

፫. መምህራን መርፌ እንዳይነኩ ስላወጡት መመሪያ አመሰግናለሁ። የሳይካል መምህርት፣ ወጣቷ አይናጉል፣ «ያሳዩኝና እኔ ልውጋት» ብትል ርዕሰ መምህሩ «እጅሽን ሰብስቢ! አንድ ነገር ቢመጣ አብረን ነው እስር ቤት የምንገባው» አሏት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ፊርማዎን አንብበው ነው። ስለዚህ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በበረዶው ሁለት ኪሎ ሜትር እየሄድኩ ስወጋት ሰነበትኩ፤ በጥር ወድቄ ቀኝ እጄን እስክሰብር ድረስ። ሳይካል «አያቴ አትጨነቅ፣ ኤጄ አሳይታኛለች፣ እኔ እችላለሁ» አለችኝ። ቻለችም። ክፍል ውስጥ «መርፌዋ መጣች፣ ሽሹ!» እያሉ ስለሚስቁባት ሽንት ቤት ገብታ ራሷን መውጋት ጀመረች። አንድ ረቡዕ ተወግታ ስትወጣ የምሳው ሰልፍ ረዝሞ ነበር፤ ተራዋ ሳይደርስ ደወሉ ተደወለ፤ ምንም ሳትበላ ወደ ክፍል ስትወጣ ደረጃው ላይ ወደቀች። አምቡላንሱ የደረሰው ከአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያ በሕይወት ያቆየቻት ድዷን ማር ስትቀባት የነበረችው የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ናት፤ እሷም ያለ ፈቃድ ነው።

፬. ያን ዕለት በአምቡላንስ መዝገቡ ላይ የተጻፈችውን መስመር ግልባጭ ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ ወንበር ስለ ሰጠችኝ አመሰግናለሁ። አንብባ ስትጨርስ «አባባ፣ የዘንድሮው በጀት እኮ ተዘግቷል። ደግሞ አንድ ብቻ ናት» አለችኝ። ልጅቷ ያልተነገራትን አልተናገረችም።

፭. በመጨረሻም ሳይካል ቤቷ እንድትማር ስለ ፈቀዱላት አመሰግናለሁ። ማክሰኞና ዓርብ መምህርት አይናጉል ወደ ቤታችን እንድትመጣ ተመድባለች። በሌሎቹ ቀናት ሳይካል መስኮቱ ላይ ሆና የጎረቤት ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው ሲሄዱ ትቆጥራለች። ሒሳቧ ተሻሽሏል።

ነርሷ ትመለስ ብዬ አልጠይቅም። ወይዘሮ ቡርማካን ድንበር ተሻግረው ባዕድ አገር የሰው አዛውንት ያስታምማሉ፤ እዚያ የሚያደርጉት ሁሉ እንደ ሥራ ይቆጠርላቸዋል ይባላል።

ደጅዎን መጥናትና ከደጅዎ መመለስን በሚገባ የተማርኩ፣ ይህንንም በግራ እጄ ስለ ጻፍኩ ለፊደሌ አለማማር ይቅርታዎን የምለምን፣ ሹመትዎ ከልጆቻችን ዕድሜ ይልቅ እንደሚረዝም የማልጠራጠር፣

አክባሪዎ ሻርሼን
ታሽ-ኩዱክ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ሁለተኛው ደብዳቤዎ ደረሰ። ሳይካል ከስም መጥሪያው በመውጣቷ የክፍሉ ተማሪዎች አሥራ አራት ሆነዋል፤ ከአሥራ አምስት በታች የሆነ ክፍል ደግሞ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል፣ መምህርት አይናጉል ከመጋቢት ጀምሮ ተቀንሳለች። እንኳን ደስ አለዎት። ሳይካል ግን መጋቢት መግባቱን አላወቀችም ነበርና፣ ማክሰኞ ደብተሯን ዘርግታ እስኪመሽ ጠበቀቻት።